ሦስት ዓይነት በርሜል፦ ኮኮ መንደርና የኡርሆቦ ጎረቤቶቿ

የዛሬው ጨዋታችን ከሰፈራችን ትንሽ ራቅ ይላል። ወደ ምዕራብ አፍሪካ ነው የምንሄደው፤ ደግሞ ወደ ሌጎስ ወይም ወደ አክራ ሳይሆን ብዙ ሰው ስሟን ሰምቶ ወደማያውቃት አንዲት መንደር። አይዟችሁ፣ መንገዱ ላይ የሚያስቀን ነገር አናጣም። መድረሻው ላይ ግን ሳቁ ይቀራል።

መጀመሪያ የናይጄሪያን ካርታ ዘርጉልን። ወደ ደቡብ ዝቅ በሉ፤ የኒጀር ወንዝ እንደ ዛፍ ሥር ተበታትኖ ባሕር ውስጥ የሚገባበት ጋ ስትደርሱ ጥቂት ወደ ምዕራብ ታጠፉ። እዚያ «ኢትዮፕ» የሚባል ወንዝ ታገኛላችሁ። በቀልድ አይደለም፤ ኢትዮፕ! በወንዙ ስም የተሰየሙ ሁለት የአስተዳደር አካባቢዎችም አሉ፤ ኢትዮፕ ምሥራቅና ኢትዮፕ ምዕራብ። መጀመሪያ ስናየው የፊደል ስህተት መስሎን ነበር። ከዚያ ደግሞ ልባችን ሞቅ አለ፤ «ጥንት የአገራችን ሰው እዚያ ድረስ ሄዶ ይሆን እንዴ?» ብለን።

አልሄደም። ስሙ የመርከብ ስም ነው። ሮበርት ጄምሰን የሚባል የሊቨርፑል ነጋዴ «ኢትዮፕ» የተባለች በእንፋሎት የምትሄድ መርከብ ነበረችው። ካፒቴን ጆን ቢክሮፍት በ1840 እና በ1841 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) እሷን እየነዳ በአካባቢው ወንዞች ላይ ሽቅብ ይወጣ ነበር። ታዲያ አንዱን ወንዝ በመርከቢቱ ስም ኢትዮፕ አሉት፤ ሌላውን በባለቤቷ ስም ጄምሰን። ሁለቱ ወንዞች ሳፔሌ ከተማ ላይ ይገናኙና የቤኒን ወንዝ ሆነው ወደ ባሕር ይወርዳሉ። በወንዞቹ ዳር ሲኖሩ የቆዩት ሰዎች ወንዞቹን የሚጠሩበት የራሳቸው ስም መኖሩን ማንም የጠየቀ አይመስልም።

በኢትዮፕ ወንዝ ዳርና በአካባቢው ያለው ሕዝብ ኡርሆቦ ይባላል። አንድ ንጉሥ ብቻ ያለው ሕዝብ አይደለም፤ ከ20 በላይ የሆኑ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አለቃ ያላቸው ማኅበረሰቦች ናቸው። አብራካ፣ ኦጋራ፣ ጄሲ፣ ሞሶጋር… እያለ ይቀጥላል። ከእነሱ ዝቅ ብሎ፣ ጨው ውሃና ጣፋጭ ውሃ በሚደባለቁበት ረግረግ ውስጥ ደግሞ ኢትሴኪሪዎች ይኖራሉ። የዛሬዋ ባለታሪካችን ኮኮ የኢትሴኪሪ መንደር ናት፤ በቤኒን ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ወደብ። ላይኛው አገር ኡርሆቦ፣ ታችኛው ኢትሴኪሪ፣ መሃላቸው ውሃ። ይህን ያዙልን። ታሪኩ ሁሉ በዚህ ውሃ ላይ በሚመላለስ በርሜል የተጻፈ ነው።

የመጀመሪያው በርሜል፦ ዘይት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ በፋብሪካ ላይ ፋብሪካ ስትገነባ አንድ ነገር አጥብቃ ፈለገች፤ የፓልም ዘይት። ሳሙና የሚሠራው በእሱ ነው፣ ሻማ የሚሠራው በእሱ ነው፣ የማሽን ብረት እንዳይፋጭ የሚቀባው እሱ ነው። ይህ ዘይት በብዛት ከሚመረትባቸው ቦታዎች አንዱ የኡርሆቦ ምድር ነበር። ዛፉ ላይ የሚወጣው፣ ፍሬውን የሚያወርደው፣ ቀቅሎና ረግጦ ዘይቱን የሚያወጣው የኡርሆቦ ገበሬና ሚስቱ፣ ልጆቹም ናቸው።

ፈረንጁ ግን ከገበሬው ጋር አይገናኝም። መርከቡን ወንዙ አፍ ላይ አቁሞ ይጠብቃል። መሃል ላይ ኢትሴኪሪው አለ። ከፈረንጁ ጨርቅ፣ ጠመንጃና መጠጥ በዱቤ ይወስዳል፤ በታንኳ ጭኖ ወደ ላይ ይወጣል፤ ለኡርሆቦው ደግሞ እሱም በዱቤ ይሰጣል፤ ዘይቱን ይዞ ይመለሳል። ዱቤ ላይ ዱቤ! ዕዳው ባልተከፈለ ጊዜ ሰው እስከ መያዝ ይደረስ ነበር። ስለዚህ የጎረቤቶቹ ግንኙነት ጋብቻም ንግድም ፀብም ያለበት ነበር፤ እንደ ማንኛውም ጉርብትና ማለት ነው፤ ልዩነቱ ጠመንጃ መግባቱ ነው።

ከመሃል ነጋዴዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ናና ኦሎሙ ነበር። አባቱ ኦሎሙ በ1883 ሲሞት ሀብቱን ወረሰ፤ በ1884 ደግሞ «የቤኒን ወንዝ ገዥ» ተብሎ በእንግሊዞች ዘንድ ታወቀ። ያን ጊዜ ኢትሴኪሪዎች ንጉሥ አልነበራቸውም፤ ዙፋኑ ከ1848 እስከ 1936 ባዶ ነበር። ናና ኢብሮሂሚ በተባለ ረግረግ ውስጥ በተሠራ ከተማ ተቀምጦ፣ ብዙ የጦር ታንኳዎች አሰልፎ የዘይቱን መንገድ ይቆጣጠራል። የሚገርማችሁ በእናቱ በኩል የኡርሆቦ ደም አለው። «እነሱ» እና «እኛ» የሚባለው ነገር ከቅርብ ሲያዩት ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። በ1884 የእንግሊዙ ቆንስል ሂዌት «የጥበቃ ውል» ይዞ መጣ። በየወንዙ እየዞረ የሚያስፈርመው አንድ ዓይነት ቅጽ ነበረው። ናናና የኢትሴኪሪ አለቆች አነበቡ፣ አስነበቡ፤ ንግዱን ለማንም ክፍት የሚያደርገውን አንቀጽ ግን አንቀበልም አሉ። አንቀጹ ወጣ፤ ውሉም ያለ እሱ ተፈረመ። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው እንደ ብዙዎቹ «ሳያውቅ የፈረመ» አይደለም። አውቆ፣ የሚጎዳውን አስወጥቶ ነው የፈረመው።

ምን ዋጋ አለው! አሥር ዓመት ሳይሞላ እንግሊዞች ራሳቸው ወደ ላይኛው አገር መውጣት ፈለጉ። ለምን ለደላላ ይከፍላሉ? በ1894 ተጠባባቂ ኮሚሽነር የነበረው ራልፍ ሙር ናናን ከሰሰ። ክሱ ምን መሰላችሁ? በኢትዮፕ ወንዝ ላይ የኡርሆቦዎችን ንግድ አግደሃል፣ ሰዎቻቸውን አስይዘሃል የሚል ነው። የኡርሆቦ ብሶት የውሸት ነበር ልንል አንችልም፤ እውነተኛ ብሶት ነበራቸው፣ የናና ሰዎችም ዋዛ አልነበሩም። ነገር ግን ብሶቱን አንስቶ መድፍ ላይ የጫነው ሌላ ሰው ነው፤ የራሱ ጉዳይ ያለው።

የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ኢብሮሂሚን መጀመሪያ ሞክረው አልቻሉም፤ ረግረጉና የናና መድፎች መለሷቸው። መስከረም ላይ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 1894 ግን ከተማዋ ወደቀች። ውስጧ ከ100 በላይ መድፎች ተገኙ። ናና አምልጦ ሌጎስ ሄደና እጁን ሰጠ፤ ተፈረደበት፤ ወደ ካላባር፣ ቀጥሎም ወደ አክራ ተጋዘ። በ1906 እንዲመለስ ሲፈቀድለት ኢብሮሂሚ ፈርሳ ነበር። ስለዚህ ሌላ ቦታ መረጠ፤ ኮኮን! እዚያ ቤቱን ሠርቶ በ1916 አረፈ። ቤቱ ዛሬ በቅርስነት ተጠብቆ ሙዚየም ሆኗል።

«ነፃ የወጡት» ኡርሆቦዎችስ? የእንግሊዝ ኩባንያዎች ሳፔሌ ድረስ ወጥተው ከእነሱ በቀጥታ መግዛት ጀመሩ፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ግን አሁንም ሌላ ሰው ነው። ይባስ ብሎ እንግሊዞች ናናን ለመጣል የረዳቸውን ዶጎ የተባለ ሌላ የኢትሴኪሪ ሰው ሾመው ኡርሆቦዎችን ጭምር እንዲያስተዳድር አደረጉት። በ1927 ቀጥተኛ ግብር ሲታወጅ ኡርሆቦዎች ያመፁት በግብሩ ብቻ ሳይሆን በዚህ ዓይነቱ አገዛዝም ተማርረው ነበር። «ልናድናችሁ ነው የመጣነው» ብሎ የመጣ ሰው ወንበሩን ሌላ ሰው አስቀምጦበት ሄደ፤ ሁለቱ ጎረቤቶች ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በዋሪ ከተማ ባለቤትነት ላይ ሲነታረኩ፣ ሲጋደሉም ኖሩ።

ይህን የናናን ታሪክ በ1968 በመጽሐፍ ያወጣው ኦባሮ ኢኪሜ የተባለ የታሪክ ምሁር ነው። የተወለደው ከኢትሴኪሪ አይደለም፤ የኡርሆቦ የቅርብ ዘመድ ከሆነው ከኢሶኮ ሕዝብ ነው። የጎረቤትን ታሪክ በፍቅርም በሐቅም መጻፍ ይቻላል ማለት ነው። ይህችን ነገር በቃለ አጋኖ ሳይሆን በጸጥታ እናስቀምጣት።

ሁለተኛው በርሜል፦ መርዝ

ከናና ሞት በኋላ ኮኮ ጸጥ ያለች መንደር ሆና 70 ዓመት ያህል ቆየች። ከዚያ በ1987 በርሜሎች መምጣት ጀመሩ። የድሮዎቹ በርሜሎች ዘይት ይዘው ከዚህ ወደ አውሮፓ ይሄዱ ነበር፤ እነዚህ ደግሞ ከአውሮፓ ወደዚህ የሚመጡ ናቸው።

ናይጄሪያ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የኖረ አንድ የጣሊያን ነጋዴ ነበር፤ ጃንፍራንኮ ራፋኤሊ ይባላል። ከአንድ የኮኮ ነዋሪ ጋር ተስማምቶ ግቢውን በወር 100 ዶላር ገደማ ተከራየ። ወረቀቱ ላይ ዕቃው ከግንባታ ሥራ ጋር የተያያዘ ኬሚካል ነው ይላል። በ1987 እና በ1988 በአምስት ጭነት ወደ 8,000 የሚጠጉ በርሜሎች ተራገፉ፤ ክብደታቸው ከ3,500 ቶን በላይ ነው። ውስጣቸው የነበረው የጣሊያንና የሌሎች የአውሮፓ አገሮች ፋብሪካዎች መርዛማ ዝቃጭ ነው፤ ፒሲቢ የሚባለው አደገኛ ኬሚካል ጭምር። አገራቸው ላይ በደንቡ መሠረት እናስወግደው ቢሉ ብዙ ገንዘብ ያስወጣቸዋል። ኮኮ ላይ በወር 100 ዶላር! «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

በርሜሎቹ ግቢው ውስጥ ተደርድረው ፀሐይ ይመታቸዋል፣ ዝናብ ይወርድባቸዋል። እያበጡ፣ እየዛጉ ማፍሰስ ጀመሩ። የኮኮ ሰው ምን እንደሆኑ አያውቅም። አንዳንዱ ሰው በርሜሉን ደፍቶ አጥቦ ለውሃ ማጠራቀሚያ እንዳደረገው በወቅቱ ተዘግቧል። እስቲ አስቡት፣ ቧንቧ በሌለበት ቦታ ባዶ በርሜል ማለት ንብረት ነው፤ ማን ይጥለዋል?

አሁን ደግሞ ወደ አዲስ አበባ እንምጣ፤ ታሪኩ ራሱ ስለሚያመጣን ነው። በሜይ 1988 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ ነበር። በዚያ ዓመት ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጣ መርዛማ ቆሻሻ በየአፍሪካ ወደቡ እየዞረ መሆኑ ተሰምቶ ስለነበር፣ ሚኒስትሮቹ የኑክሌርና የኢንዱስትሪ ቆሻሻን በአፍሪካ መጣል በአፍሪካና በሕዝቦቿ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ብለው ወሰኑ። ጭብጨባው ይታያችሁ። ያ ውሳኔ ሲጸድቅ የኮኮ በርሜሎች ቦታቸው ላይ ነበሩ፤ ፀሐይ እየሞቁ፣ እያፈሰሱ። የኮኮ ወሬ ግን ገና አልወጣም ነበር።

ታዲያ ማን አወጣው? ፖሊስ አይደለም፣ ጉምሩክም አይደለም። ጣሊያን አገር የሚማሩ ናይጄሪያውያን ተማሪዎች ናቸው። የጣሊያን ጋዜጦች ላይ ወደ ናይጄሪያ ስለሚላክ ቆሻሻ የተጻፈውን አነበቡና ወደ አገራቸው ጋዜጦች ጻፉ። ያው ነው፤ ጋዜጣ አነበቡ፣ ደብዳቤ ጻፉ። በጁን 1988 ወሬው ሌጎስ ላይ ፈነዳ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ፊልም ነው። የጄኔራል ባባንጊዳ መንግሥት አምባሳደሩን ከሮም ጠራ፤ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት ያልነበራትን «ፒያቬ» የተባለች የጣሊያን መርከብ በመያዣነት አገተ፤ እጃቸው ያለበት ሰዎች ይረሸናሉ ብሎ ዛተ። ራፋኤሊ ቀድሞ ከአገር ወጥቷል። ጣሊያን በመጨረሻ ቆሻሻዋን ልታነሳ ተስማማች። ጭነቱን ካነሱት ሁለት መርከቦች አንዷ «ካሪን ቢ» ትባላለች። ኮኮ ላይ በርሜሎቹን የጫኑ ሠራተኞች ቆዳቸው እንደተቃጠለ፣ እንዳስታወካቸው በጊዜው ተጽፏል።

ካሪን ቢ ኮኮን ለቃ ወደ አውሮፓ ሄደች። ስፔን «ወደቤ አትደርሺም» አለቻት። ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ኔዘርላንድስ… ሁሉም በር ዘጉ። የየአገሩ ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ ወጣች፤ የቴሌቪዥን ካሜራ ተከተላት። መጨረሻ ላይ ወደ ጣሊያን፣ ሊቮርኖ ወደብ ገባች። አንዲት የናይጄሪያ መንደር ለወራት ግቢዋ ውስጥ ያስቀመጠችውን ዕቃ ባለጠጋ አገሮች ለአንድ ቀን እንኳ ወደባቸው ላይ ሊያቆሙት አልፈቀዱም። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ናይጄሪያ በዚያው በ1988 ጎጂ ቆሻሻ ያስገባ ሰው ዕድሜ ልክ ይታሰራል የሚል አዋጅ ቁጥር 42ን አወጣች፤ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም አቋቋመች። በማርች 1989 የባዝል ስምምነት ስዊዘርላንድ ላይ ጸደቀ፤ ለዚህ ካበቁት ነገሮች አንዱ የኮኮ ቅሌት ነው። ባዝል ግን ንግዱን አልከለከለም፤ «አስቀድማችሁ ተነጋገሩና ፈቃድ አግኙ» ነው ያለው። አፍሪካውያን ይህ አላረካቸውም። በጃንዋሪ 1991 ባማኮ ላይ ተሰብስበው ከአፍሪካ ውጭ የሚመጣ አደገኛ ቆሻሻ ጭራሽ እንዳይገባ የሚከለክል የራሳቸውን ስምምነት ፈረሙ፤ በ1998 ሥራ ላይ ዋለ። አገራችንም የሁለቱ ስምምነቶች አባል ናት።

ባዝል፣ ባማኮ… ሁለቱም የከተማ ስም ናቸው፤ ኮኮ ግን በየትኛውም ስምምነት ርዕስ ላይ የለችም። ወንዙ የመርከብ ስም ወሰደ፣ ሕጉ የስብሰባ ከተማ ስም ወሰደ።

ሦስተኛው በርሜል፦ ነዳጅ

ከኮኮ በስተምሥራቅ፣ በኢትዮፕ ምዕራብ ውስጥ፣ ጄሲ የሚባል የኡርሆቦ ማኅበረሰብ አለ። ናይጄሪያ ድፍድፍ ነዳጅ ለውጭ ገበያ መሸጥ የጀመረችው በ1958 ነው፤ የኡርሆቦ ምድርም ነዳጅ ከሚወጣበት አካባቢ አንዱ ሆነ። በጄሲ በኩል ቤንዚን የሚያስተላልፍ የመንግሥት ቱቦ ከዋሪ ማጣሪያ ተነስቶ ወደ ሰሜን ያልፋል። ያልፋል ነው ያልነው፤ ለጄሲ አይቆምም።

በኦክቶበር 1998 ናይጄሪያ ውስጥ ቤንዚን ጠፍቶ ሰልፉ ማብቂያ አልነበረውም። ነዳጅ አምራች አገር ውስጥ ነዳጅ ጠፋ፤ «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እንላለን እኛ። ያን ሰሞን ጄሲ ላይ ቱቦው አፈሰሰ። ሕዝቡ ባልዲውን፣ ጀሪካኑን፣ ያገኘውን ዕቃ ይዞ ወጣ፤ ሴቶችና ሕፃናት ብዙ ነበሩ። በወሩ 17ኛ ቀን እሳት ተነሳ። የሟቾቹ ቁጥር እንደ ቆጣሪው ይለያያል፤ ከ500 ይጀምርና ከ1,000 በላይ ይደርሳል። ብዙዎቹ ማን እንደሆኑ ሳይለይ በጅምላ ተቀበሩ። እሳቱ ለቀናት ነደደ።

መንግሥት «ቱቦውን የቀደዱት ሌቦች ናቸው» አለ። ነዋሪዎቹ «ቱቦው ያረጀ፣ ጥገና ያጣ ነው» አሉ። ክርክሩ ያኔ በዚሁ ተቋጨ። የመርከብ ጭነት በካሜራ እንደተከተለው ዓለም ጄሲን አልተከተለም፤ ጥቂት ቀን ዘገበና ወደ ሌላ ወሬ ሄደ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ አቢጃን ከተማ ላይ ከመርከብ የወረደ መርዛማ ዝቃጭ ሌሊት በየሰፈሩ ተደፍቶ ሰዎች ሲሞቱና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕክምና ሲፈልጉ ደግሞ ስምምነቶቹ ሁሉ በሥራ ላይ ነበሩ።

እና ምን ይሁን?

ሦስቱን በርሜሎች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር ይታየናል። ዘይቱን የሚያመርተው ኡርሆቦ ዋጋውን አይቆርጥም። ግቢው ላይ መርዝ የተደረደረበት ኮኮ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን አያውቅም። ቱቦው በጓሮው የሚያልፍበት ጄሲ ቤንዚኑ አይደርሰውም። ሦስቱም ጊዜ ውሳኔው ሌላ ቦታ ያለቀ ነው፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ «ስለ እናንተ ብለን ነው» ተብሏል፤ በ1894 በመድፍ፣ በ1988 በአዳራሽ ውሳኔ። ናና እንኳ፣ ያ ሁሉ መድፍና ያ ሁሉ ብልሃት ያለው ሰው፣ ከውሉ ላይ ያስወጣው አንቀጽ በጦር መርከብ ተመልሶ መጣበት።

አንድ ጊዜ ብቻ ነገሩ ተለወጠ። ያም የሆነው ሥልጣንም መድፍም የሌላቸው ልጆች፣ በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ የተጻፈ ጋዜጣ አንብበው ዝም ማለት ስላቃታቸው ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይላል የአገራችን ሰው። ኮኮ ላይ ግን ዝም ነቅዞ ታየ፤ በርሜሉን በልቶ አፈሰሰ።

እኛ ጋዜጠኝነት ስንማር ትልልቅ ስሞችን ሸምድደናል፤ መንግሥት ስላወረዱ ጋዜጠኞች ብዙ ተነግሮናል። ስለነዚያ ተማሪዎች የነገረን ግን አልነበረም። ሐውልት የላቸውም፤ የብዙዎቹ ስምም በመጻሕፍት ውስጥ አይገኝም፤ «ተማሪዎች» ተብለው ነው የሚታለፉት። በዕድሜ የእኛ እኩዮች ነበሩ። ቤተ መጻሕፍት የሚውሉ፣ ገንዘብ የሚያጥራቸው፣ የአገራቸው ወሬ የሚናፍቃቸው። ዛሬ ከእነሱ እጥፍ ድርብ መረጃ በእጃችን ይዘን፣ «እኔን ምን አገባኝ» ብለን የምናልፈው ስንት በርሜል ይኖር ይሆን?

መልሱን ለእናንተ ትተናል። ካርታው ላይ ያንን ኢትዮፕ የሚባል ወንዝ በድጋሚ ስታዩት ግን ቁልቁል ተከተሉት፤ በአብራካ አልፎ ሳፔሌ ይደርሳል፣ ከዚያም የቤኒን ወንዝ ይሆናል። ዳሩ ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ አለች። ስሟ ኮኮ ነው።